ስልሳ ስምንተኛው ሜትር

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተማርኩት ሰው አለማመን ነው። ከወልቂጤ ወጣ ብሎ፣ ወደ ዋቤ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ የውኃ ጉድጓድ መቆፈሪያ ሪግ ቆሞ ነበር። እኔ በጂኦሎጂ ቴክኒሺያንነት ተመርቄ ገና መቀጠሬ ነው። ነጭ ጫማ አድርጌ ሄድኩ። ቁፋሮ ቦታ በነጭ ጫማ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ቀለሙ ምን እንደነበረ እኔም ረስቼው ነበር።

አለቃዬ ጋሽ ተካልኝ የሚባሉ፣ ሲያስቡ ጢማቸውን የሚነጩ የዕድሜ ባለጸጋ ጂኦሎጂስት ነበሩ። ቆፋሪዎቹ ከጉድጓዱ የወጣውን የድንጋይ ፍርፋሪ በላስቲክ ከረጢት ሞልተው፣ በየከረጢቱ ላይ ጥልቀቱን ጽፈው፣ በመስመር ደርድረው ጠበቁን። "እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነው!" አልኩ። ጋሽ ተካልኝ የሃያውን፣ የአርባውንና የስልሳውን ሜትር ከረጢት ፈትተው ሸራ ላይ ዘረገፉት።

"ልዩነቱን ንገሪኝ" አሉ።

ዳበስኩት፣ አሸተትኩት፣ በሌንስ አየሁት። "ልዩነት የለውም" አልኩ።

"ይሄስ?" ብለው ከስልሳው ሜትር ናሙና ውስጥ አንዲት አረንጓዴ ሣር መዘዙ። "ሣር ስልሳ ሜትር ሥር አይበቅልም። ሦስቱም ከአንድ አካፋ የወጡ ናቸው። ካሁን በኋላ ቆመሽ ያላየሽውን ናሙና አትቀበዪ።" ቆፋሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ደግሞ "ንጹሕ ሥራ" ያልኩበት አፌ የት ይግባ!

ለማያውቅ ሰው ሥራችን እንዲህ ነው። የሪጉ ጫፍ ላይ ያለው ቢት ድንጋዩን ይፈጫል፤ የኮምፕረሰሩ አየር ፍርፋሪውን ወደ ላይ ይተፋል። ቴክኒሺያኑ በየሁለት ሜትሩ ፍርፋሪውን ይዞ በወንፊት ያጥባል፣ በሌንስ ያያል፣ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ከመሬት በታች ወርዶ ያየ ሰው ስለሌለ ያለን ማስረጃ ያ ፍርፋሪ ብቻ ነው። ውኃ የሚያስገባው የተበሳ ቱቦ የት እንደሚቀመጥ የሚወሰነው በእሱ ነው። ፍርፋሪው የውሸት ከሆነ ቱቦው ደረቅ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ሕዝቡ አየር የሚስብ ፓምፕ ታቅፎ ይቀራል።

እናም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሰው አላመንኩም። ናሙና ሲወጣ ካልቆምኩ አልፈርምም። ምሳዬን ሪጉ አጠገብ ቆሜ እበላለሁ። ቆፋሪዎቹ ከኋላዬ "ፖሊሷ መጣች" ይላሉ። እሰማለሁ፤ እንዳልሰማ ሆኜ አልፋለሁ። እውነቱን ልናገርና ስሙን ወድጄው ነበር።

ሰዎችም እኔን አያምኑኝም ነበር። አንድ ጊዜ ወልቂጤ ቢሯችን ድረስ አንድ ነጋዴ በመሐረብ የጠቀለለው ቢጫ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ይዞ መጣ። ከሩቅ ነው ያመጣሁት አለ፤ ከየት እንደሆነ ግን ቢገርፉት አይናገርም። በር ዘግቶ "ወርቅ ነው አይደል?" አለኝ። አንድ የወለል ሴራሚክ ገልብጬ ባልተወለወለው ጀርባው ላይ ድንጋዩን ፈተግኩት። ጥቁር መስመር አወጣ። ወርቅ ሲፈተግ የሚያወጣው መስመር ቢጫ ነው፤ ጥቁር ካወጣ ብረትና ድኝ የተዋሃዱበት ፓይራይት የሚባል ማዕድን ነው። ይህንን በትሕትና አስረዳሁት። ድንጋዩን ከእጄ መንጭቆ "ገባኝ፣ ገባኝ! እኔ ጥዬው ስሄድ ልታነሺው ነው" ብሎኝ ወጣ። ስቄ ልሞት ነበር። አሁን ሳስበው ግን እኔና እሱ ብዙም አንለያይም።

ወደ ነስሩ ልምጣ። እስካሁን የዞርኩት እሱን ላለመንካት ነው።

ነስሩ የቡታጅራ ልጅ ነው። ለአንድ የግል ቁፋሮ ድርጅት ድሪለር ሆኖ ይሠራ ነበር፤ ድሪለር ማለት ሪጉን የሚነዳው፣ ቡድኑን የሚያዘው ማለት ነው። እጁን የሪጉ ብረት ላይ አሳርፎ ቢቱ ሥር ያለው ድንጋይ ጠንካራ ይሁን ልል በንዝረቱ ይለይ ነበር። ሦስት ልጆች አሉት። እኔ ከመንግሥት በኩል ሥራውን ተቆጣጣሪ ሆኜ ስድስት ጉድጓድ አብረን ሠርተናል፤ አንድም ቀን ጥፋት አላገኘሁበትም። ይህ ደግሞ ይበልጥ ያስጠረጥረኝ ነበር። አንድም ቀን ያልተያዘ ሰው ወይ ንጹሕ ነው ወይ ጎበዝ ነው እላለሁ በልቤ።

ሰባተኛው ጉድጓዳችን በቡታጅራና በእንሴኖ መካከል ያለ አንድ መንደር ውስጥ ነበር። ቀደም ሲል እዚያው መንደር ይኸው ድርጅት ሁለት ጉድጓድ ቆፍሮ ሁለቱም ደረቅ ሆነዋል። ሴቶቹ ውኃ የሚቀዱት ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ከሚፈጅ ወንዝ ነው። ይህ ሦስተኛው ነው። ዕቅዱ ሰባ ሜትር ነበር። እሱም ደረቅ ከሆነ ሪጉ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

ከላይ ዘጠኝ ሜትር ቀይ አፈር ነበር። እሱ እንዳይደረመስብን እስከ አሥራ ሁለት ሜትር ኬሲንግ የሚባለውን የብረት ቱቦ አስገብተን ዘጋነው። ከዚያ በታች ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ አሁንም ባዛልት። ስልሳ ስድስት ሜትር ደረስን፤ የሚወጣው ደረቅ አቧራ ብቻ ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ከጠዋት እስከ ቀትር የተቆፈረው ሦስት ሜትር አይሞላም።

እኔ ስኳር አለብኝ። ያን ቀን ከቤት የያዝኩትን ምሳ በመጣሁበት ባጃጅ ውስጥ ረሳሁት። ቀትር ላይ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ዓይኔም ጭጋግ ለበሰ። ሠራተኞቹም ለጁምዓ ተራ በተራ ሊሄዱ ነበር። "ነስሩ፣ ቀስ ብለህ ቆይ፣ እንሴኖ ቀምሼ መጣሁ" አልኩት። "ሂጂ እትዬ አስካለ፣ ናሙናውን እኔ እይዝልሻለሁ" አለኝ። ሄድኩ። ደንቤን ያፈረስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ስመለስ አራት ሜትር ተቆፍሯል። ጠዋት ሙሉ ሦስት ሜትር ያልገፋ ሪግ! ሸራው ላይ ሁለት አዲስ ከረጢት ተቀምጧል፤ አንዱ ስልሳ ስምንት፣ አንዱ ሰባ ይላል። ፈታሁት። ቀይ አፈር!

ክው አልኩ። የሠላሳ ዓመቷ ሣር ዓይኔ ላይ ድቅን አለች።

"ይሄ ምንድነው?" አልኩት።

"ከጉድጓዱ የወጣ ነው እትዬ። ከስልሳ ስድስት በታች ቢቱ ዝም ብሎ ገባ። ንዝረቱ ጠፋ። ቀይ አቧራ ተፋ።"

"ቀይ አፈሩ ዘጠኝ ሜትር ላይ አልቋል። በብረት ዘግተነዋል። ከላይ መውደቅ አይችልም። ታዲያ በምን ወረደ?"

"አልወረደም፣ እዚያው ነበር።"

"በአካፋ ነው የወረደው!" ብዬ ጮህኩ። "ጥዬህ ስሄድ ናሙና መያዙን ትተህ ስመጣ ከእግርህ ሥር ዝቀህ ሞላህ! ሌባ!"

ከጁምዓ የተመለሰው ሰው በሙሉ ሪጉን ከቦ ቆሞ ነበር። ነስሩ ፊቱ ተለዋወጠ። "እትዬ፣ ዛሬ ጁምዓ ነው። ወላሂ ብዬ አልዋሽም" አለ።

"ስለያዝኩህ ነው የምትምለው" አልኩት።

እሱ ቆሞ እያየኝ የከረጢቶቹን ፎቶ በስልኬ አነሳሁ። ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ በቴሌግራም ላክሁት፤ "ናሙናው ተጭበርብሯል፣ ድሪለሩ ይነሳልኝ" ብዬ። ሃያ ደቂቃ አልሞላም፣ መልሱ መጣ። "ዛሬውኑ ይውረድ።" አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀም። ለሦስት ደረቅ ጉድጓድ የሚያሳብብበት ሰው ሲፈልግ እኔ ሰጠሁት። ያን ያህል ፈጥኖ ማመኑ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። የሚጠረጠረውን ትቼ የማይጠረጠረውን ይዤ ነበርና አላየሁትም።

ነስሩ ሄልሜቱን አውልቆ ሪጉ ደረጃ ላይ አስቀመጠ። ስድስት ጉድጓድ ሙሉ "አንቺ" እያለ እንደ ታላቅ እህቱ ያየኝ ሰው "እርስዎ እንዳሉ ይሁን" አለኝና ወደ አስፋልቱ በእግሩ ሄደ።

እኔ ሸራው አጠገብ ቁጭ ብዬ የመዝጊያውን ቅጽ መሙላት ጀመርኩ። ሰባ ሜትር ተደርሷል፣ ውኃ የለም። "ደረቅ" ብዬ ልፈርም ነው። ሪጉ በማግሥቱ ይነሳል።

የመንደሩ የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ እማማ ዘይነባ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከዚያ ወንዝ ውኃ ሲቀዱ የኖሩ ናቸው። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ልጁ ዋሽቷል አልሽ?"

"አዎ እማማ።"

"ከየት ዝቆ ነው የሞላው?"

"ከዚሁ፣ ከሥራችን።"

ከስልሳ ስምንቱ ከረጢት ቆንጠር አድርገው በሁለት ጣታቸው አሹት። "ይሄማ የኛ አፈር አይደለም" አሉ።

"አፈር አፈር ነው እማማ።"

"አፈር አፈር ነው?" ሳቁብኝ። "አንቺ የተማርሽ ሴት፣ ቤት ለቅልቀሽ ታውቂያለሽ? የኛ አፈር ሲርስ ጣት ላይ ልጥፍ ይላል። ይሄ አይለጠፍም። ይሄ እሳት ያየ አፈር ነው። ለአረፋ ቤት ስንለቀልቅ የድሮውን ምድጃ አፍርሰን ሌላ እናበጃለን። ከምድጃው ሥር የሚወጣው ልክ እንዲህ ነው፤ ቀይ፣ ፍርፍር የሚል፣ ውኃ የማያቦካው።"

"ስልሳ ስምንት ሜትር ሥር ደግሞ ማን እሳት አነደደ?" ብዬ ልስቅ ስል ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

ማን እንዳነደደ አውቃለሁ። ያነደደው ራሱ ባዛልቱ ነው።

ባዛልት ዛሬ የምናየው ጥቁር ድንጋይ ከመሆኑ በፊት የቀለጠ እሳት ነበር። ቡታጅራ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ብታዩ የዘቢዳር ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ወደ ምሥራቅ ያለው መሬት ደግሞ በስንጥቅ በስንጥቁ ወደ ታች ሰምጧል። ስምጥ ሸለቆ የምንለው ይህንኑ ነው። በስንጥቆቹ በኩል የቀለጠው ድንጋይ ወጥቶ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። ለመንገድ ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ ጠጠር የሚዛቅባቸው እነዚያ ትንንሽ ቀያይ ኮረብታዎችም እሳቱ የተፋባቸው አፎች ናቸው። ግን በአንድ ቀን አልፈሰሰም። አንዱ ፈስሶ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ረጅም፣ በጣም ረጅም ዘመን ዝም ይላል። ዝናብና ፀሐይ ድንጋዩን እየበላ አፈር ያደርገዋል፤ ሣር ይበቅልበታል። በኋላ ሌላ ፍሳሽ ይመጣና ያንን አፈር ከላይ ይሸፍነዋል፣ ይጠብሰዋል። ስለዚህ ቀይ አፈር መሬት ላይ ብቻ ሳይሆን በሁለት ባዛልት መካከልም ይገኛል። ከአፈሩ ሥር ያለው የቀድሞው ባዛልት ደግሞ ጀርባው የተሰነጣጠቀ፣ የተቦረቦረ ነው። ውኃ የሚጠራቀመውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ይህ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። ቡታጅራ ለመጡ ተማሪዎች እኔው ራሴ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምሬዋለሁ። ሰሌዳ ላይ ሲሆን አውቀዋለሁ፤ እጄ ላይ ሲመጣ ግን ሌባ ብዬ ጮህኩበት።

ማንንም ስለማላምን እማማ ዘይነባንም ወዲያው አላመንኳቸውም። ከምድጃቸው ሥር አፈር አስመጣሁ። ከሪጉ አጠገብም ዘገንኩ። ሁለቱንና የስልሳ ስምንቱን ናሙና በሦስት ሳህን አድርጌ ውኃ አፈሰስኩበት። የሪጉ አጠገብ አፈር ቦክቶ ጭቃ ሆነ። የምድጃውና የስልሳ ስምንቱ እንደ ተፈጨ ሸክላ ፍርፋሪው እንዳለ ቀረ። ከዚያ የሰባውን ሜትር ከረጢት አጠብኩ። እሱ ቅላቱ የቀነሰ፣ ወደ ቡኒ የሄደ፣ ትንሽ የሚለጠፍ ነበር። ከላይ ያለው ብዙ ተጠብሷል፣ ከታች ያለው እሳቱ ብዙም አልደረሰውም። በአካፋ የሚያጭበረብር ሰው እንዲህ ያለ ቅደም ተከተል አይፈጥርም።

ወዲያው ነስሩ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ደውዬ አሥር ሜትር ጨምሩልኝ አልኩ። "ቀን ተጭበረበርኩ፣ ማታ ጨምሩልኝ፤ ምንድነው ነገሩ?" አለኝ። ለመንኩት፤ በቅጹ ላይ ኃላፊነቱን እኔ ወስጄ ፈረምኩ። በማግሥቱ የነስሩ ረዳት ሪጉን አስነስቶ መቆፈር ቀጠለ። ሰባ ሁለት ላይ አፈሩ አለቀ። ሰባ አራት ላይ የተቦረቦረ ድንጋይ ወጣ፣ እርጥብ ነበር። ሰባ ስምንት ላይ ውኃው ከሪጉ ራስ በላይ ተተፋ። መንደሩ በእልልታ ተናወጠ። እኔ ግን አንድ ጥግ ይዤ አለቀስኩ። ደስታም ነበር፣ ከደስታው የበዛው ግን ኀፍረት ነበር።

እማማ ዘይነባ በጀሪካን ሊቀዱ ሲመጡ ከለከልኳቸው። በእኛ በስምጥ ሸለቆ በኩል አንዳንድ ጉድጓድ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ይበዛበታል፤ ልክ ካለፈ የልጅ ጥርስ ያበላሻል፣ ሲቆይም አጥንት ይጎዳል። በዓይንም በምላስም አይታወቅም፤ ላቦራቶሪ ካልመለሰ አይጠጣም።

"አንቺ ልጅ፣ ውኃውንም ትጠረጥሪዋለሽ?" አሉኝ።

"በተለይ ውኃውን" አልኳቸው። በዚህ አልጸጸትም።

የነስሩን ነገር ለማስተካከል ሥራ አስኪያጁን ሦስት ጊዜ አናገርኩት። "ሌላ ሰው ተተክቷል። ይነሳልኝ ያልሽው አንቺው ነሽ፤ መልእክትሽ ስልኬ ላይ አለ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ መልእክቱ እዚያው ነው።

ነስሩን ያገኘሁት ቡታጅራ፣ መናኸሪያው አካባቢ፣ አንድ ጎሚስታ ቤት የመኪና ጎማ ሲያወልቅ ነው። በንዝረት ድንጋይ የሚለይ እጅ ከአሮጌ ጎማ ጋር ይታገላል። ሲያየኝ ቀና አላለም።

"ነስሩ፣ ተሳስቻለሁ። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።"

"ምን ልፈርም?"

"ምንም አትፈርምም።"

"ታዲያ ምን ፈልገው ነው? ድርጅቱ ነው የላከዎት? የሚመዘገብ ነገር ካለ ይንገሩኝ።" እጄን አየ፤ የያዝኩት ወረቀት እንዳለ ሊያጣራ ነው። የለመድኩትን ዓይን አወቅሁት። ሠላሳ ዓመት ሰው ያየሁበት ዓይን ነው።

"ማንም አልላከኝም" አልኩት።

ጎማውን ለቀቀ። "በማን ፊት ነው ሌባ ያሉኝ?"

"በመንደሩ ፊት።"

"እንግዲያው ይቅርታውም እዚያ ይሁን። ጎሚስታ ቤት ውስጥ የሰደበኝ የለም።"

የላቦራቶሪው ውጤት ደኅና ሆኖ መጣ። ቧንቧው የተከፈተው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው፤ ቀኑን ያስመረጥኩት እኔ ነኝ። ነስሩም ልኬበት ስለነበር መጥቶ ከሰው ኋላ ቆመ። ከሰው ፊት ወጣሁና "ይህ ሰው አልዋሸም። ናሙናው ትክክል ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"ጮክ በይ!" አሉ እማማ ዘይነባ። "ያን ቀን ስትሳደቢ እስከ መስጊዱ ድረስ ተሰምቷል።"

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እስከ መስጊዱ በሚሰማ ድምፅ ደግሜ ተናገርኩ። ነስሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለሕዝቡ ራሱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

"አላህ ይስጥልኝ" አለ። "ከእርስዎ ጋር ግን አልሠራም።"

ከዓመት በኋላ ሌላ ድርጅት ድሪለር አድርጎ ቀጠረው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሁለት ጊዜ በአንድ ጉድጓድ ላይ ተመድበን ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ቴክኒሺያን ይላክልኝ ብሎ ጻፈ። ሁለቱንም ጊዜ ጥያቄው ልክ ነው ብዬ ፈረምኩ።

ወደዚህ ሥራ የምትገቡ ልጆች፣ ናሙናን ተጠራጠሩ፣ ደመወዝ የሚከፈላችሁ ለዚያ ነው። ሰውን ከመክሰሳችሁ በፊት ግን ናሙናውን እጠቡት፤ ከዚያም ሁለት ሜትር ጨምራችሁ ቆፍሩ።